ኋላው የተረገጠው ጫማ

ሚላኖ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለኤሱማ አብዱልሃዲ
ሄርማታ፣ ጅማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የባለቤትዎ የአዴ ሐጂራ ጉልበትስ ተሻላቸው? የጫማ መዶሻዎ ዛሬም ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስደውልልዎ «ሃሎ! ሃሎ!» ብለው ጮኸው ጮኸው ዘጉት። ኋላ አዴ ሐጂራ ደውለው «ጆሮው በመዶሻ ደንቁሯል፤ በስልክ ሲያወራ ሄርማታ በሙሉ ምስጢራችንን ይሰማል። ወረቀት ላይ ጻፊለት፣ እሱም በወረቀት ይመልስልሽ፣ እኔ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እልካለሁ» አሉኝ። ይኸው እንዳሉት እየጻፍኩ ነው። እጄ ብዕር ረስቷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ትልቁን ነገር ልንገርዎት። ከፋሽን ቤቱ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ የቆዳ ትምህርት ቤት ጨርሼ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የሠራሁት እዚያ ነበር። ጫማውን እኔ እስለዋለሁ፣ ቆዳውን እኔ እመርጣለሁ፣ መስኮት ላይ ሲወጣ ግን ውስጡ የታተመው የሌላ ሰው ስም ነው። የታወቁ ሰዎች በእኔ ጫማ ፎቶ ሲነሱ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ደከመኝ ኤሱማ። ከእንግዲህ በራሴ ስም እሠራለሁ። በየካቲት እዚህ ከተማ ነጋዴውና ጋዜጠኛው ሁሉ የሚመጣበት የፋሽን ሳምንት አለ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ከወደዱልኝ ስሜ ቆመ ማለት ነው። ካልወደዱልኝ ደግሞ የድሮው ቤት ሰዎች «እስከ የካቲት መጨረሻ ወንበርሽን አንሰጥብሽም» ብለውኛልና አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ።

በስሜ የሠራሁትን የመጀመሪያውን ጫማ በሰው ልኬልዎታለሁ። ቡናማ የወንድ ጫማ ነው። ስሄድ በሰጡኝ ፎርማ፣ በእርስዎ እግር ልክ በተቀረጸው እንጨት ላይ ነው የወጠርኩት። ሌላ ጥንድ የለውም። እዚህ ያየው ሁሉ «ቆንጆ ነው» ይላል፣ ዓይኑ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ብዙ ሱቅ ያለው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አገላብጦ አይቶት «ይሄን ከየትም ሱቅ አገኘዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ። የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ አጣሁት። እርስዎ ያድርጉትና ይንገሩኝ። አደራ፣ እንደ ልጅ አያባብሉኝ።

ደግሞም ጫማውን አድርገው ሱቅዎ በር ላይ እንደቆሙ አንድ ፎቶ ይላኩልኝ። በየካቲት ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው እሱን ነው።

ዱዓዎ አይለየኝ።
ናኢማ


ጅማ፣ ሄርማታ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናኢማ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ረቢ ሲ ሃ ኤጉ፣ ጌታዬ ይጠብቅሽ። የነካሽው ቆዳ ይለስልስልሽ፣ የገባሽበት በር ይስፋልሽ። ሐጂራ ጉልበቷ ደህና ነው፣ አፏም እንዳለ ነው።

ጫማው ደረሰ። ማሻአላህ! ሣጥኑን የከፈትነው በረንዳዬ ላይ ነው። ፈለቀን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ከጎኔ ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋው፤ መጀመሪያ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ከዚያ አማተበ፣ ከዚያ ነው የነካው። «ይቺ ከኛ ሥር የቆዳ ቁራጭ ስትለቅም የነበረችው ናኢማ ናት?» አለኝ። «አዎ፣ የአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ራሷ ናት» አልኩት። ሰው ሩቅ ዘመድ ነን ይላል እንጂ አንቺን ያሳደገሽ የኔ ማስቲሽ ሽታ ነው።

አታባብለኝ ብለሻልና እናገራለሁ። ስፌቱ እንከን የለውም። ሶሉ እንደሚገባው ይታጠፋል። ግን ምነው ልጄ፣ የተረከዙን ጀርባ የሚያቆመውን ጠንካራ ቆዳ የት ጣልሽው? በጣቴ ብነካው ተኛብኝ እኮ! እኔ እንደዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ሌላው ደግሞ ጫማው ይፈራል። ምን ማለቴ እንደሆነ ለራሴም በደንብ አልገባኝም፤ «አትንኩኝ» የሚል ይመስላል። ሳደርገው ይገባኝ ይሆናል።

የኋላው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። መስጊድ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማ የሚያስር የታለ? ኋላውን በተረከዙ ጨፍልቆ እንደ ሸበጥ እየጎተተ ይመጣል፣ እየጎተተ ይሄዳል። ዕድሜ ልኬን የተጣላሁት ከዚህ ልማድ ጋር ነው። አንዱ የጨርቅ ነጋዴ አዲስ ጫማ ከእጄ ተቀብሎ ገና ደረጃዬን ሳይወርድ ኋላውን ሲረግጠው ብሩን ወርውሬለት ጫማዬን አስወልቄዋለሁ! በካልሲ ነው ቤቱ የገባው። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፣ እኔም አልፈለግሁም።

እኔ እንኳ የአንቺን ቀጥ አድርጌ ነው የማደርገው። ለጁምዓ አደርገዋለሁ ኢንሻአላህ። ፎቶውን ሐጂራ ታነሳለች።

አብዱልሃዲ


ሚላኖ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኤሱማ

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ሁሉ ይሁን። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፤ የጨርቅ ነጋዴው ላይ ስደርስ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ኋላውን ያለሰለስኩት አውቄ ነው፤ ተረከዝ እንዳይልጥ ብዬ። «ይፈራል» ያሉት ነገር ግን ልቤ ውስጥ ተቀመጠ። ልክ ነዎት፣ ይፈራል። እኔም ስሠራው ፈርቼ ነበር። ግን እንዴት እንደማደፋፍረው አላውቅም። ለጁምዓ አደረጉት? ሲሄዱበት ምን አሉ? ፎቶውንም እየጠበቅኩ ነው።

ናኢማ


ጅማ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናኢማ

ሰላምታዬ ብርዱን አልፎ ይድረስሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እዚህ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አልወጣም፣ ቡናው ግን ጥሩ ይዟል ይላሉ፤ ከየቡ ከተማ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ለቀማ ለቀማ ይላል። ፈለቀ ጥርሱን ታሞ ፊቱ በአንድ ወገን አብጦ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል፣ መቀለድ ጀምሯል፤ ባይሽለው ይሻለኝ ነበር። የሐጂራ ዶሮ ጠፍታ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ተገኘች። መብራት ትናንት ሄዶ ዛሬ መጣ። አንቺ በደንብ ልበሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ።

አብዱልሃዲ

[በወረቀቱ ጠርዝ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦] ናኢማዬ፣ እኔ ሐጂራ ነኝ። ስለ ዶሮዬ ይህን ያህል ተጨንቆ አያውቅም። ስለ ጫማው ጠይቂው። እኔ ግን አልነገርኩሽም።


ሚላኖ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤሱማ

እንዴት ነዎት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ፈለቀ ጥርስ፣ ስለ ዶሮዋም አነበብኩ። ስለ ጫማው አንድ ቃል የለም።

አልወደዱትም ማለት ነው፣ አይደል? ክፉ ቃል ላለመናገር ዝም አሉ። አያባብሉኝ ብዬ ለምኜ ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ሰው ያባብለኛል፤ እውነት ይነግረኛል ያልኩት አንድ ሰው እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ካፈሩበት እኔ ምን አቁሜ ለሰው አሳያለሁ? ለድሮው ቤት «እመለሳለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ። ነገ ልኬው ብገላገል ይሻላል።

ለአዴ ሐጂራ ሰላም ይበሉልኝ።
ናኢማ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ናኢማ! ናኢማ!

ያን ደብዳቤ እንዳትልኪ! በአላህ ይዤሻለሁ። ሐጂራ ይህን እንደጨረስኩ ወዲያው እንድትልክልኝ ራሴ ላይ ቆማለች፣ ሰላምታውን ለሌላ ቀን ይዘሽልኝ።

ጫማሽን ጠላሁት አልኩ? ጫማሽን ጣልኩት እንጂ! ጠፋብኝ ልጄ። እኔ ሽማግሌው፣ ጫማ ሠሪው፣ ጫማ ጠፋብኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ለጁምዓ አደረግሁት። ገበያውን አቋርጬ ስሄድ ሁለት ሰው አስቁሞኝ «ከየት ነው?» አለኝ፤ ደረቴን ነፍቼ «የኛ ልጅ ሥራ ነው» አልኩ። መስጊድ በር ላይ አውልቄ ግንቡ ሥር አስቀመጥኩት። ሰግጄ ስወጣ በቦታው ሌላ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ቆምኩ። ከዚያ ከአንዱ ጥንድ በቀር በሩ ላይ ምንም አልቀረም። ሌባ ቢሆን የራሱን ትቶ አይሄድም፤ ተሳስቶ ነው ያደረገው፣ በየጁምዓው ያለ ነገር ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ጫማ የተሳሳተው በአንቺ!

ባዶ እግሬን አልሄድ ነገር፣ ያን የሰውዬውን አደረግሁ። ተለጥጦ ሰፍቷል። ኋላው ደግሞ ተረግጦ ተረግጦ ያለቀለት ነው! አብዱልሃዲ ኋላው የተረገጠ ጫማ እየጎተተ በሄርማታ ገበያ መሃል! የጨርቅ ነጋዴውም ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፈለቀ አየኝ፤ ጀርባውን አዙሮ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አማና፣ አደራ ነው የሰጠሽኝ። አማናን መስጊድ በር ላይ ጥሎ የመጣ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ስለ ዶሮ ይጽፋል።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ሶሉ ላይ ያለውን ጭቃ አይቼ «ይሄ የአሰንዳቦ ሰው ነው» አልኩ። ፈለቀ «ጭቃ መታወቂያ የለውም» አለኝ፣ አልሰማሁትም። በገበያ ቀን አሰንዳቦ ወርጄ ጫማውን ከፍ አድርጌ «የማን ነው?» ስል ዋልኩ። የኔ ነው የሚል አልጠፋም፣ እግሩ ሲለካ ግን የማንም አልሆነም። አንዲት ሴትዮ አዝናልኝ ሙዝ ሰጠችኝ፤ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏት ነው። አሁን የሰውዬውን ጫማ በየጁምዓው ግንቡ ሥር አስቀምጬ አጠገቡ እቆማለሁ። እንደነበረ ለማስቀመጥ እጄ እምቢ ስላለኝ ሶሉንም ቀይሬለታለሁ፣ ኋላውንም አቁሜለታለሁ።

በይ እውነቱ ይሄው። ጫማሽ አላሳፈረኝም፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። ከቤቴ እስከ መስጊድ ድረስ እግሬ ደስ ብሎት ነበር። ና ብትዪኝ በባዶ እግሬ እስከ ሚላኖ እመጣልሻለሁ፣ አንቺ ግን ወደዚያ ቤት እንዳትመለሺ።

አብዱልሃዲ


ሚላኖ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ ኤሱማ

አልላክሁትም። ቀደድኩት። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ሙዟ ላይ ስደርስ ደግሞ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ስለ ጫማው አይዘኑ። ፎርማዎ እኔ ጋ ነው፣ ሌላ እወጥራለሁ። ለእኔ የጠፋው እርስዎ ይወዱት እንደሆነ ማወቁ ነበር፤ እሱን አገኘሁት። ግን የሽማግሌው ነጋዴ ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አዲስ ንድፍ እስላለሁ፣ እቀድደዋለሁ፣ እንደገና እስላለሁ፤ ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ሁሉም ይፈራል። የካቲት ደግሞ እየመጣ ነው። ዱዓ ያድርጉልኝ፤ ግንቡ ሥር ሲቆሙም ሹራብ ይልበሱ።

ናኢማ


ጅማ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናኢማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ያመሰገንኩበትም የተናደድኩበትም ቀን ነው።

ጫማሽ ተገኘ! ከሶላት በኋላ ግንቡ ሥር ቆሜ ሳለ አንድ ረጅም ሽማግሌ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ዓይኑን አጥብቦ ወደ መሬት አየ፣ ጫማውን አየ፣ አነሳው፣ ሶሉን ገለበጠ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ኩን ኮጴ ኬቲ?» አለኝ፣ ያንተ ጫማ ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ያንተ አይደለም እንዴ?» አልኩት በኦሮምኛ።

«የኔንማ ይመስል ነበር» አለ፣ «ግን የኔ እንዲህ ቆንጆ አልነበረም።»

ቲጃኒ ይባላል፣ የየቡ ሰው ነው፤ ቡና አለው። የዚያን ለት ወደ የቡ የሚወጣው ሚኒባስ ሊያመልጠው ሲል ሳያስተውል ያገኘውን ቡናማ አድርጎ ሮጠ። ዓይኑ ደከም ብሏል። «እግሬ ነው የነገረኝ» አለኝ፤ «መኪናው ላይ ተቀምጬ እግሬን ምንም አልቆረቆረኝም፤ አሃ፣ ይሄ የኔ አይደለም አልኩ።» ለቀማው ስለደረሰ ከተማ መውረድ አልቻለም። ሌላ ጫማም አልነበረውም። «ማል ጎዳ፣ ምን ላድርግ፣ አደረግሁት። ሐቅህን ይቅር በለኝ» አለኝ። ማርም ይዞልኝ መጥቷል። ምን እለዋለሁ? ሐቄን ትቼለታለሁ አልኩት፣ ተቃቀፍን።

ከዚያ ፌስታሉን ከፈትኩ።

ናኢማ፣ ኋላውን ረግጦታል! የአንቺን ጫማ! ሁለቱንም! ጨፍልቆ አስተኝቶ እንደ ሸበጥ! «ምን አደረግህ አንተ ሰው?» ብዬ ስጮህ ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆመ። እሱ ምንም አልመሰለው። «ቡና ማስጫው አልጋ ጋ ስወጣ አነሳዋለሁ፣ ለውዱእ ልታጠብ ስሄድ እረግጠዋለሁ። ይወርዳል፣ ይነሳል። አየው» ብሎ አድርጎ አሳየኝ። ወረደ፣ ተነሳ። እንደገና ወረደ። ፈለቀ ጩኸቴን ሰምቶ ከሱቅ መጥቶ ነበር፤ ይሄን ጊዜ ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ በሳቅ።

ሐጂራ ፎቶ አንስታዋለች፣ ወንጀሉን እዪው። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ። ነገ ጠዋት ስፌቱን ፈትቼ ጠንካራ ቆዳ አስገባበትና ኋላውን ዳግም ማንም እንዳይረግጠው አድርጌ አቆመዋለሁ። እሺ በይኝና ልጀምር።

አብዱልሃዲ


ሚላኖ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

አይንኩት!

ኤሱማ፣ በአላህ፣ በአዴ ሐጂራ ዕድሜ፣ አይንኩት! ወስፌውን ያስቀምጡ! አዴ ሐጂራ፣ ይህን ሲያነቡ ጫማውን ወስደው አልጋ ሥር ይደብቁልኝ!

ፎቶውን ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ጫማ አሁን አይፈራም። ሰው ገብቶበታል፣ ወጥቶበታል። ስንት ጫማ ስስል የኖርኩት ሰው ቆሞ እንዲታይበት ነው፤ እኔ ግን ያደግሁት ሰው በየበሩ በሚያወልቅበት አገር ነው። የጁምዓ ጫማ ትዝ አለኝ፤ እርስዎን ተከትዬ መጥቼ መስጊዱ በር ላይ የተደረደረውን ሳይ ኋላቸው የተኛ ነበር ሁሉም። እርስዎ ይሳደባሉ፣ እኔ አያለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ወዴት ሄጄ ፈለግሁ?

እንዲረገጥ ተብሎ የሚሠራ ጫማ ልሠራ ነው። ሲፈልጉ የሚቆም፣ ሲፈልጉ የሚተኛ፣ ሳያጎነብሱ የሚገቡበት። ስሙንም አግኝቻለሁ፤ «የቡ» ነው የምለው፣ አባ ቲጃኒ ከፈቀዱ። ጫማውን እንዳለ፣ ከነጭቃው ይላኩልኝ። የጎደለውን አሁን አወቅሁት፣ ጊዜው ግን አጭር ነው።

አልተቀየሙኝም፣ አይደል?
ናኢማ


ጅማ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለናኢማ

ሰላም ነው። ተቀይሜያለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስከላከል የኖርኩትን ጥፋት አንቺ ልትሸጪው! የጨርቅ ነጋዴው ይህን የሰማ ቀን ጅማን ለቅቄ እወጣለሁ። ሐጂራ ጫማውን ደበቀችብኝ፤ የት እንዳደረገችው አትነግረኝም። ፈለቀ «የረጋጮች መምህር አብዱልሃዲ» ብሎ ይጠራኝ ጀመር። ሁለት ቀን መዶሻ አልነካሁም።

በሦስተኛው ቀን ቁራጭ ቆዳ አንስቼ ሞከርኩት። የምትሠሪው ካልቀረ በደንብ ሥሪው። ኋላው ሲተኛ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው፤ እንግዲያው ተረከዝሽ የሚያርፈው በቆዳው በውጭው በኩል ነው። ስለዚህ ውጭውም እንደ ውስጡ ለስላሳ ይሁን፣ የበግ ገበር በሁለቱም በኩል አድርጊ። መሃል ላይ ያለውን ስፌት አውጪው፤ የቲጃኒን እግር አይቼዋለሁ፣ ስፌቱ ያረፈበት ቀልቷል። ስፌቱን ወደ ጎን ወስደሽ ኋላውን በአንድ ቁራጭ ሥሪው። ፈለቀ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ቆዳውን ትንሽ ብታሳሺው ቶሎ አይሰነጠቅም ይላል፤ እሱም አንዳንዴ ልክ ይሆናል።

ቲጃኒ ስሙን ፈቅዷል። «እኔ ስረግጠው ወንጀል ነበር፣ እሷ ስትረግጠው ፋሽን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጫማውን ሐጂራ ከደበቀችበት አውጥታ በሰው ልካልሻለች። ሂጂ እንግዲህ፣ ጌታዬ ያቅናልሽ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት መርቄሻለሁ።

አብዱልሃዲ


ሚላኖ፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣ ለኤሱማ አብዱልሃዲ

ረመዳን ከሪም። ጾማችሁን ይቀበላችሁ፣ ማዕዳችሁን ይባርክላችሁ።

ሌሎቹ መብራትና ሙዚቃ አዘጋጅተው ነበር። እኔ ክፍሌን ምንጣፍ አነጠፍኩና በሩ ላይ «እባክዎ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ» ብዬ ጻፍኩ። ኤሱማ፣ የሚላኖን ትልልቅ ሰዎች ባዩልኝ! በአንድ እግራቸው ይዘላሉ፣ ግድግዳ ይይዛሉ፣ ማሰሪያቸው ይቋጠርባቸዋል፤ አንዲት የመጽሔት አዘጋጅ ዚፗ ተይዞ እኔው ተንበርክኬ አወለቅሁላት። ያንዱ ካልሲ ቀዳዳ ነበር። እየሳቁ ገቡ። ሲወጡ ደግሞ «የቡ»ዎቹን በሩ ላይ ደርድሬ ጠበቅኋቸው፤ እግራቸውን ብቻ እየከተቱ፣ ሳያጎነብሱ ሞከሩት። አንዱ ኋላውን አቆመ፣ አንዱ አስተኛ፣ አንዷ አንዱን አቁማ አንዱን አስተኝታ ተራመደች። በሩ ላይ የቆመው ወሬ አላልቅ አለ።

ያንን አባ ቲጃኒ የረገጡትን ጫማ ከመሃላቸው በክብር አስቀምጬው ነበር። ወዴት እንደገባ ያውቃሉ? ሰው ሁሉ ሄዶ በሩን ልዘጋ ስል የለም! በቦታው የሚያብረቀርቅ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ ተቀምጧል። ወላሂ አልዋሽዎትም። ጾሜን ፈትቼ ቴምሬን ይዤ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ የእርስዎን አስታውሼ የሰውዬውን ጫማ ወልውዬ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት ያው ሽማግሌ ነጋዴ መጣ፣ ያ «ከየትም ሱቅ አገኘዋለሁ» ያለኝ። እግሩ ላይ የአባ ቲጃኒ ጫማ ነው፣ ኋላው ተኝቷል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የነቃው፤ ምንም ስላልቆረቆረው። ጫማውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለ። «ሱቆቼን ሁሉ ዞርኩ፣ ይሄን የሚመስል የለም» አለኝ። ለሱቆቹ በሙሉ አዘዘ። ጋዜጦቹም ጻፉ፤ «ሰው እንዲያወልቀው የተሠራ የመጀመሪያው የክብር ጫማ» ብለውታል። የድሮውን ቤት አመስግኜ «ወንበሬን ለሌላ ስጡት» አልኳቸው።

አሁን የምጠይቅዎት ነገር አለኝ። ኋላውን፣ ያን በአንድ ቁራጭ የሚሠራውን፣ እዚህ ያሉት ሰፊዎች እርስዎ እንዳሉት አልሆነላቸውም። ያ ሥራ የሄርማታ ይሁን። እርስዎና ፈለቀ፣ የሚያምኗቸውንም ሰዎች ጨምራችሁ ስፉልኝ። ቆዳውን እኔ እልካለሁ። በየጫማው ውስጥ ስሜ ይታተማል፣ ከስሜ ሥር ደግሞ «ሄርማታ» የሚል።

ለእርስዎም አዲስ ልኬያለሁ። ጁምዓ ሲሄዱ አጠገቡ ይቁሙ።
ናኢማ


ጅማ፣ ሄርማታ፣ ግንቦት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለናኢማ፣ ስሟ ለቆመላት

ወዐለይኩሙ ሰላም። እናትሽ ስምሽን ስታወጣ አጠገቧ ነበርኩ፤ ዛሬ ያን ስም በእጄ እየሰፋሁ ነው። ጌታዬ ይህን ያሳየኝ ምስጋና ይድረሰው። እዚህ ላይ ሐጂራ አልቅሳ ወረቀቱን አርጥባዋለች፣ እኔ አይደለሁም።

በረንዳው ሞልቷል። ፈለቀ የእህቱን ልጅ ፍሬሰላምን አምጥቶ አሠልጥኗል፣ እጇ ከሱ ይሻላል፣ እሱም ያውቃል። እያንዳንዱን ኋላ ሐጂራ በጉንጯ ትሞክረዋለች፤ ጉንጯን ከቆረቆረው ይፈታል። ቆዳሽ መልካም ነው።

ግን ያመጣሽብኝን ጣጣ ልንገርሽ። የጅማ ወጣት በሙሉ ጫማውን ረግጦ እየጎተተ ነው! ስቆጣ «ኧረ ፋዘር፣ ፋሽን ነው፣ ያንቱ ዘመድ ናት እኮ ያመጣችው» ይሉኛል። ገበያ ውስጥ አስመስለው የሠሩት «የቡ» ይሸጣል፤ አይቼዋለሁ፣ ኋላው ካርቶን ነው፣ አፈርኩላቸው። ቲጃኒ የቡ ላይ «የነደፍኩት እኔ ነኝ» እያለ ነው፤ ሠርግ ላይ ከፊት ያስቀምጡታል። ከሁሉ የባሰው የጨርቅ ነጋዴው ነው። ባለፈው ሰኞ በረንዳዬ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም አብዱልሃዲ። ያን ጊዜ የቀማኸኝን ጫማ አሁን መርገጥ ይፈቀዳል?» አለኝ። ምን ልበለው? አስቀመጥኩት፣ ሻይ አዘዝኩለት፣ እግሩን ለካሁት።

አሁን ደግሞ ለሰው የማይነገረውን። የላክሽልኝን አዲሱን ጫማ እስከ ዛሬ ቀጥ አድርጌ ኋላውን አቁሜ ነበር የማደርገው። ሰው ይየኝ አይየኝ፣ ቃሌ ቃል ነው ብዬ። ዛሬ ጁምዓ ነው። ከሶላት ስወጣ ሰው በዝቶ ነበር፣ ወገቤም ቆርጦኛል። ጎንበስ ልል አልኩና ግራ ቀኝ አየሁ። የሚያየኝ አልነበረም። በተረከዜ ጫን አልኩት። ተኛ። አንቺ ልጅ፣ ምን ያህል ይመቻል! እንደዚያው እየጎተትኩ ገበያውን አቋርጬ፣ የጨርቅ ነጋዴውን አልፌ፣ ሱቄ በር ድረስ ሄድኩ። ፈለቀ ቀና ብሎ እግሬን አየ፣ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ሐጂራን ጠራት። እሷም ስልኳን ይዛ መጣች።

ባለፈው ጥቅምት የጠየቅሽኝ ፎቶ ከዚህ ጋር አለልሽ። ሱቄ በር ላይ ነው፣ ጫማሽን አድርጌያለሁ። ከጉልበት በታች ብቻ ነው ያስነሳሁት፤ ፊቴን ለማሳየት ገና አልደፈርኩም።

አብዱልሃዲ